በደንብ ይታጠብ

ናይሮቢ፣ ሉቱሊ ጎዳና
ጁን 14 ቀን 2012

የተከበሩ ማማ ዋኬሾ፣

እንደምን ሰነበቱ? ባለቤትዎ መምህር ማሌምባስ እንዴት ናቸው? «ማማ» ያሰኘችዎት ልጅዎ ዋኬሾስ? እናንተ ጋ ተራራው ላይ ብርዱ በርትቷል አሉ፤ ከዉንዳኚ የሚመጡት ሾፌሮች ሹራብ ደርበው ነው የሚገቡት። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አሮጌውን የእጅ ኮምፒውተር አድርገው በአውቶቡስ የላኩት ሳጥን ደርሶኛል። አቮካዶዎቹም ደርሰዋል፤ መንገድ ላይ ከፈረጡት ከሁለቱ በቀር ሁሉንም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር በልተን መርቀንዎታል።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን ዋጣችሁ?» ላሉኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከኢንተርኔት ገጻችን ላይ ያዘዙት ሁለተኛው የእጅ ኮምፒውተር እንደ መጀመሪያው ሁሉ እንግሊዝ አገር አገልግሎ የመጣ፣ እኛ አድሰን የምንሸጠው ነው። ይህ ሞዴል አሁን እንደ ልብ አይገኝም፤ ሰው ሁሉ ወደ ስልክ ዞሯል። ቢሆንም አንድ ደህና አግኝቼ ባትሪውን እየቀየርኩለት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ለሥራዬ ስለሚጠቅመኝ ነው። አሮጌው ውስጥ ያለው የማን ድምፅ ነው? ቅጂውን ሌላ ቦታ፣ በሲዲም ይሁን በሌላ ኮምፒውተር፣ አስቀምጣችሁት ይሆን? ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር፣ አላነሱም።

አክባሪዎ፣
ሙሴምቢ፣ ከሱቁ ጥገና ክፍል


ዉንዳኚ
ጁን 19 ቀን 2012

ልጄ ሙሴምቢ፣

ልጄ ማለቴን አትቀየመኝ፤ የመምህር ሚስት ስለሆንኩ ጽሕፈቱ ያላማረ ሰው ሁሉ ልጄ ይመስለኛል።

ስልኩን ያላነሳሁት አውቄ ነው። የኔ ስልክ ሲያወራ ጎረቤት ድረስ ይሰማል፣ መምህር ደግሞ ቀኑን ሙሉ አጠገቤ ነው። የሄደው ድምፁ እንጂ ጆሮው አይደለም። ሁለተኛ ማዘዜን አያውቅም፤ አሮጌዋን ለጽዳት ብቻ የላክኋት ነው የሚመስለው። አዲሱን ድንገት እጁ ላይ ላስቀምጥለት ነው ሐሳቤ። ስለዚህ አትደውል፣ ጻፍልኝ፤ ወረቀት አይጮኽም።

የማን ድምፅ ነው ላልከኝ፣ የሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጉሮሮው ውስጥ ክፉ እባጭ ተገኘና ሐኪሞቹ ድምፅ የሚያወጣውን አካሉን ቆርጠን እናወጣለን አሉን። ይኸው አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት አንዲት ነርስ፣ እግዜር ይባርካትና፣ «ድምፅህ ሳይሄድ ቅዳው» አለችው። የእህቴ ልጅ ገጻችሁን አግኝቶ ያንን ከእንግሊዝ የመጣ፣ «ኤክስ-ዩኬ» የምትሉትን የእጅ ኮምፒውተር አስመጣልን። መምህር አሥራ አንድ ቀን ጎተራው ውስጥ ተቀምጦ መቶ አርባ ዓረፍተ ነገር ቀዳበት። አሁን ፊቷ ላይ ሥዕል ካለባቸው ካሬዎች አንዷን በብዕሯ ነካ ሲያደርጋት በገዛ ድምፁ «ውሃ ስጪኝ» ይለኛል፣ «ልብሱን አስገቢ፣ ዝናብ መጣ» ይለኛል። ስሜን ብቻ ሦስት ዓይነት አድርጎ ቀድቶታል፤ አንዱ ሲቆጣኝ ነው።

ቅጂ ያልከውን አላውቅም። ያለችን እሷው ናት፤ ሌላ የት ይኖራል?

የቸኮልኩበትን ልንገርህ። ኦገስት 11 ቅዳሜ የዋኬሾ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እኛ ዘንድ የልጅቷ አባት በገዛ አንደበቱ «ሰጠሁ» ካላለ ሽማግሌ ውሃም አይቀምስም። ለዚያ ቀን የሚሆነውን ቃል መምህር ያኔ በሩን ዘግቶ ብቻውን ቀድቶታል፤ እኔም አልሰማሁትም። የመጨረሻዋ ካሬ ናት፣ ዶሮ የተሳለባት። አደራህን፣ እሷን እንዳትነካት።

በየስንጥቁ የተለጠፈው ቆሻሻ ደግሞ ኪማንጋ ነው። አንተ የካምባ ጎሳ ልጅ ስለሆንክ ይህን የኛን ምግብ አታውቀውም፤ ካሳቫና ባቄላ አብሮ ተቀቅሎ ሲወቀጥ ነው። ከታመመ ወዲህ ያለችግር የሚወርድለት እሱ ብቻ ነው፤ ታዲያ ጣቱን ሳይጠርግ ነው የሚነካት። ሳጥኑ ላይ በደንብ ይታጠብ ብዬ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

እናትህ፣
ማማ ዋኬሾ


ናይሮቢ
ጁን 27 ቀን 2012

የተከበሩና የተወደዱ ማማ ዋኬሾ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። መምህርስ በርትተዋል ወይ? እህል ይወርድላቸዋል? ዋኬሾስ እንዴት ናት? የእህትዎ ልጅስ? ጎረቤቶችስ? ቄሱስ ደህና ናቸው? ላሞቹስ? ዝናቡስ ዘንድሮ ለበቆሎው ደረሰ? የዉንዳኚ መንገድ ተንዷል ሲሉ ሰምቼ ስለእናንተ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። እኔ ደህና ነኝ። ናይሮቢም ደህና ናት።

በሾፌሩ እጅ የላኩትን ብጣሽ ወረቀት አነበብኩ። ለጠየቁኝ ሁሉ መልሴ ይኸው። አዎ፣ አዲሱ እጄ ላይ ነው። አዎ፣ ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይሠራል። አዎ፣ አሮጌው ጸድቷል። የዶሮዋን ካሬ በጣቴ አልነካሁም።

የቀረው ማዛወሩ ነው። ለዚያ የሚሆነው ገመድ ከዱባይ እስኪመጣ እየጠበቅኩ ነው። በትዕግሥት ይጠብቁኝ። ለመምህር ሰላምታዬን፣ ማለቴ ሲመች ጊዜ፣ ያቅርቡልኝ።

አክባሪዎ፣
ሙሴምቢ


ዉንዳኚ
ጁላይ 2 ቀን 2012

ልጄ ሙሴምቢ፣

እኔ ላም የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ያልነበሩ ላሞችን ደህንነት እስክትጠይቅ ያደረሰህ ምንድን ነው?

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቤታችን ወላጅ ሲመላለስበት ኖሯል። ልጁ ፈተና የወደቀበት አባት እንዴት ሰላምታ እንደሚያበዛ አውቃለሁ። ስለ በቆሎው ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል፣ ወንበሩ ላይ ይቁነጠነጣል። አንተም እንደዚያ ሆነህብኛል።

ገመድ ያልከውን የእህቴን ልጅ ጠየቅኩት። ናይሮቢ ውስጥ በየመንገዱ እንደ ሽንኩርት ተዘርግቶ ነው የሚሸጠው አለኝ። ዱባይ ምን ወሰደው?

መምህር ሰሌዳ አውጥቶ በጠመኔ ይጽፍልኛል። አመሉን አልተወም፤ ሥርዓተ ነጥቡን ሳይጨርስ አያሳየኝም። እስኪጨርስ ድረስ ድስቱ ያርራል። ትናንት «መቼ ትመጣለች?» ብሎ ጻፈ። «በዚህ ሳምንት» አልኩት፤ ባለፈውም ሳምንት እንዲሁ ብዬዋለሁ። ባሌን መዋሸት አልለመድኩም ልጄ፣ አፌ ይደርቃል።

የሆነውን ንገረኝ። ሰላምታውን ተወው።

ማማ ዋኬሾ


ናይሮቢ
ጁላይ 6 ቀን 2012

ማማ ዋኬሾ፣

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሽቼዎታለሁ። የዱባይ ገመድ የሚባል ነገር የለም። የመምህር ድምፅ ጠፍቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

እኛ ሱቅ ውስጥ ማጠብ ማለት ሌላ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የቀድሞ ባለቤቱ ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ ምን የማይገኝበት አለ። ከመሸጡ በፊት ያንን ሁሉ ደምስሰን ባዶ እናደርገዋለን። ያንን ነው ማጠብ የምንለው። «ይሄ ታጥቧል? ያኛውስ?» ስንባባል ነው የምንውለው፤ ሌላ ትርጉም እንዳለው እንኳ ከረሳን ቆይተናል። የእርስዎ ሳጥን በመጣ ዕለት ላዩ ላይ «በደንብ ይታጠብ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። በደንብ ስላሉ ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ከዚያ ወረቀቱን ልጥል ሳነሣው ጀርባው ላይ «ያለው ሁሉ ወደ አዲሱ ይዛወርልኝ» ይላል። አላገላበጥኩትም ነበር ማማ። ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የማን ድምፅ ነው ብዬ የጠየቅኩዎት ከዚያ በኋላ ነው። ምናልባት የማይረባ ነገር ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። መልስዎ ሲመጣ የገመዱን ወሬ ፈጠርኩ። አንድ ወር ሙሉ ያልሞከርኩት የለም። በዚህ ጎዳና ላይ ያለ ባለሙያ ሁሉ ጋ ይዤው ዞሬያለሁ። አንዲት ቃል አልተገኘችም።

ምን ልበልዎት? ይቅርታ ማለት አነሰብኝ።

ሙሴምቢ


ዉንዳኚ
ጁላይ 13 ቀን 2012

ሙሴምቢ፣

ደብዳቤህ እሑድ ደረሰኝ። አንብቤው ጎመን ልለቅም ወጣሁ። የለቀምኩት ጎመን ለሠርግ ይበቃል፤ ምን እንደማደርገው አላውቅም።

ስድብ ጽፌልህ ነበር። ሁለት ገጽ። ቀደድኩት። አንተን ስሰድብ ቆይቼ «ይታጠብ» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ የማን ጽሕፈት እንደሆነ ትዝ አለኝ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ቆሻሻው ይጠረግልኝ ብል ምን ነበረበት? የፊቱን ከኋላ፣ የኋላውን ከፊት ብጽፈውስ?

ገና አልነገርኩትም። ትናንት ምሳ ላይ ረስቶት ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ነካ አደረገ፣ ካሬዋ ያለች መስሎት። ከዚያ አየኝና እጁን ሰበሰበ። 

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሰው የተበላሸ ሬዲዮ እንኳ ሲያገኝ መጀመሪያ ከፍቶ ይሰማል። አንተም ድምፅ ማጉያውን ሳትሞክር አልቀረህም። ሰምተኸዋል? የቱን ነው የሰማኸው? ምን ምን ይል ነበር? ምንም አታስቀርብኝ።

ማማ ዋኬሾ


ናይሮቢ
ጁላይ 17 ቀን 2012

ማማ ዋኬሾ፣

አዎ፣ ሰምቻለሁ። አንዲት ብቻ። በግራ በኩል ከላይ ያለችውን፣ በር የተሳለባትን ነበር የነካሁት።

«ና ግባ፣ ና ግባ። ጫማህን አታውልቅ፤ ይሄ የመምህር ቤት ነው፣ የመልአክ አይደለም» ይላል። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ቶሎ አይሉም። «መልአክ» ሲሉ ሳቅ ሊያመልጣቸው ነበር፣ ዋጡት። ከዚያ ከሩቅ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ «ሻይህ በረዶ ሆነ እኮ፣ ስንት ጊዜ ልጥራህ?» ትላለች። እሳቸውም ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ያህል፣ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላሉ። ከዚያ ዶሮ ይጮኻል፣ ያበቃል።

ሰው በሌለበት ብቻዬን ነበር የሳቅኩት። «እሺ መምህር» ብዬ ጮክ ብዬ መለስኩላቸው። ይህን ብዬ ነው ያጠብኩት።

ሌላው ነገር፣ ከአሁን ወዲህ ሱቃችን ውስጥ ይታጠብ የሚባል ቃል የለም። «ይደምሰስ» ብለን ነው የምንጽፈው፤ ያለ ባለቤቱ ፊርማም አይደመሰስም። ለእርስዎ ምንም እንደማይፈይድ አውቃለሁ።

አዲሱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ባዶ ነው። ካሬዎቹን እንደ ድሮው በየቦታቸው አድርጌአቸዋለሁ። ቀዩን ክብ ሲጫኑት ይቀዳል። ለምን እንደላክሁት እኔም አላውቅም፤ ሱቅ ውስጥ ማየት ስላቃተኝ ነው መሰለኝ። ካላስቸገርኩ ቅዳሜ መጥቼ መምህር እግር ሥር ወድቄ ራሴ ልንገራቸው። ለእርስዎ መተው ፈሪነት መስሎ ተሰማኝ።

ሙሴምቢ


ዉንዳኚ
ጁላይ 30 ቀን 2012

ልጄ ሙሴምቢ፣

ሻዩን የጠራሁት እኔ ነበርኩ። እውስጧ መኖሬን አላውቅም ነበር። ደብዳቤህን ጓሮ ሆኜ ሳነብ፣ የኔን ቁጣና የሱን «መጣሁ፣ መጣሁ» አየሁት፤ ያ ሰውዬ መቼም ቶሎ መጥቶ አያውቅም። እዚያው ጎመኑ መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ሳቅኩም።

በሾፌሩ በኩል አትምጣ ብዬ የላክሁብህ ከቂም አይደለም። እኔው ልንገረው ብዬ ነው። ነገርኩትም። ደብዳቤዎችህን በተራ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩለት፣ የኔንም ስህተት ነገርኩት። መነጽሩን አድርጎ ሁሉንም አነበበ። ሲጨርስ ሰሌዳውን ስቦ «ሁሉም?» ብሎ ጻፈ። «ሁሉም» አልኩት። መቆፈሪያውን ይዞ ወጣ። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ዋለ፤ ያን ያህል የሚቆፈር መሬት የለንም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። እጁን ታጠበና ጻፈ፦ «አርባ ያህሉ መጥፎ ነበሩ። አፌ ደርቆ ነበር።» ቀጥሎ፦ «የሙሴምቢን ፊደል ግን አስተካክዪለት።» ከዚያ አዲሱን ወደኔ ገፋ አደረገና፣ «አንቺ ቅጂበት» ብሎ ጻፈልኝ።

እምቢ አልኩት። ሰው ይስቅብሃል፣ ጢም ያለው ሰውዬ በሴት ድምፅ ሲያወራ ምን ይባላል አልኩት። ጠመኔው እስኪሰበር ተጭኖ ምን ብሎ ጻፈ መሰለህ? «ከ1981 ጀምሮ ዓረፍተ ነገሬን የምትጨርሺልኝ አንቺ ነሽ። አሁን መጀመሪያውንም ያዢው።»

ይኸው እየቀዳን ነው። እሱ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ። ወይ ፍዳዬ፣ ሚስቱ መሆኔን ረስቶ እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው የሚያደርገኝ። ስሳሳት ጠረጴዛውን ያንኳኳል። «ውሃ ስጪኝ» የምትለዋን ዘጠኝ ጊዜ አስደገመኝ፤ ለራሴ ውሃ እንድሰጥ ራሴን እያዘዝኩ። ዘጠና ሁለት ደርሰናል። የሽማግሌዎቹን ቃል ለመጨረሻ አቆይቷታል፤ ገና ጽፎ አልጨረሰም። ይጽፋል፣ በክንዱ ያጠፋል፣ እኔ ስቀርብ ሰሌዳውን ይገለብጣል።

እናትህ፣
ማማ ዋኬሾ


ዉንዳኚ
ኦገስት 13 ቀን 2012

ልጄ ሙሴምቢ፣

ለጠየቅከኝ ሁሉ አንድ በአንድ ልመልስልህ ነበር፣ ግን ከቅዳሜ ወዲህ እጄ አላረፈም። አዎ፣ ባትሪው ቆየ። አዎ፣ ድምፁ ጓሮ ድረስ ይሰማል። አዎ፣ የላክኸው ብርድ ልብስ ደርሷል፤ መምህር አሁን ለብሶታል።

ዋዜማው፣ ዓርብ ጠዋት ነው የቀዳናት። ሰሌዳውን አምጥቶ ፊቴ አቆመና ቀዩን ክብ ራሱ ተጫነ፤ አስቀድሜ እንዳነበው አልፈቀደልኝም። ማንበብ ጀመርኩ። «እኔ ማሌምባ፣ የዋኬሾ አባት፣ ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። በቤቷ አትራብ፣ አትፍራ። እናቷ እኔን እንደቻለችኝ ባሏን ትቻለው።» እዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ቀጥሎ ምን ይላል መሰለህ? «ባሏ ግን እንደኔ አይሁን። እኔ ድምፅ ሳለኝ እናቷን አላመሰገንኳትም።»

በኔ አፍ ነው እኮ። እኔው ነኝ የማነበው። «ድምፅ ሳለኝ» የሚለው ላይ አቋረጥኩ። እንባዬ መጣ፣ አፍንጫዬን ጠረግኩ፤ ቀዩ ክብ እንደበራ ነው። ቆይቼ እንደምንም ጨረስኳት። እንድገማት አልኩት። ስለ ውሃ ዘጠኝ ጊዜ ያስደገመኝ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ አልሰማኝም። ማሽኗን ኪሱ ከተታት።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ ሰባት ሆነው መጡ። ንግግሩን የሚመራላቸው የሙሽራው አያት ነው፤ ዓይኑ ፈዟል፣ ጆሮው ደህና ነው። የልመናው ቃል ሲያልቅ «እንግዲህ ከአባቷ እንስማ» አለ። መምህር ተነሣ፣ ክራቫቱን አስተካከለ፣ ነካት። የኔ ድምፅ ወጣ። በር ጋ የቆሙት ሴቶች ተያዩ። አንዱ ወጣት ሳቁን በመዳፉ ያዘ። «ድምፅ ሳለኝ» ጋ ሲደርስ ያ ዝምታ መጣ፤ አፍንጫዬን ስጠርግ ሳይቀር ይሰማል።  እኔ መሬቱ ቢከፈት ደስ ባለኝ። ከዚያ ቃሉ አለቀ።

ሽማግሌው ራሱን ወደ ድምፁ አዘንብሎ ቆየና፣ «ማን ነው የተናገረው? እናቲቱ ናት እንዴ? እኛ ከአባቷ አፍ ልንሰማ ነው የመጣነው» አለ።  ሙሽራይቱ በእንዲህ ያለ ቦታ አትናገርም፣ ደንቡ አይፈቅድም። ዋኬሾ ግን ከሴቶቹ መሀል ተነሣች።

«አባቴ ነው» አለች። «አባቴ ነው የተናገረው።»

ሽማግሌው ወደ መምህር እጁን ዘረጋ። «ሰምተንሃል መምህር» አለው።

እናትህ፣
ምጎይ፣ የማሌምባ ሚስት